ማካሮቭ ወይስ ግሎክ፣ ቆዳ ወይስ ካይዴክስ?

ሽጉጥ የሚገዛ ሰው ገንዘቡንም ሐሳቡንም ብረቱ ላይ ይጨርሳል። ማህደር የሚባለው የሽጉጥ ማኖሪያ ትዝ የሚለው መጨረሻ ላይ ነው። ያገኘውን የጨርቅ ማህደር ይገዛል፤ ካላገኘም ወገቡ ላይ ሸጉጦት ይሄዳል። ደሴና ኮምቦልቻ እየተመላለሰ ለሚሠራ ሰው ግን ከሽጉጡ ዓይነት ይልቅ ማህደሩ ነው ለውጥ የሚያመጣው።

አስቀድሜ ሕጉን ላንሳና ልለፍ። ይህ ንጽጽር ፈቃድ ላለው ሰው ብቻ ነው። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የተከለከለ ነው። ፈቃድ ያለውም ቢሆን የጸጥታው ሁኔታ ሲለዋወጥ መሣሪያ ይዞ መንቀሳቀስን የሚገድብ ትእዛዝ ሊወጣ ይችላል፤ ወቅቱን ፖሊስ ጣቢያ መጠየቅ ነው። «ኢኮልፒ» እየተባለ የሚወራለትን የቱርክ ሽጉጥ ደግሞ እዚህ አላስገባሁትም። ትክክለኛ ስሙ ኢኮል ነው፤ ከፋብሪካው ሲወጣ ድምፅ ብቻ እንዲያሰማ ተደርጎ ነው። ቦርቡረው እውነተኛ ጥይት እንዲተኩስ ያደረጉት ሽጉጥ ወንጀልነቱ እንዳለ ሆኖ፣ የያዘውን እጅ ሊያጠፋ ይችላል።

ከታወቁት እንጀምር። ማካሮቭ በሶቪየት ጦር ሥራ ላይ የዋለው በ1951 እ.ኤ.አ. ነው። ርዝመቱ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ውፍረቱ 3 ሴንቲ ሜትር አካባቢ፣ ክብደቱ ያለ ጥይት 730 ግራም ነው። ካዝናው 8 ጥይት ይይዛል። የምወድለት መቆለፊያውን ነው። ከላይኛው ብረት በግራ በኩል ያለችውን ማንሻ ወደ ላይ ስትገፏት ትቆልፋለች፤ የተወጠረ መዶሻ ካለም ሳይተኩስ ታወርደዋለች። መዶሻው ከወረደ በኋላ የመጀመሪያው የቃታ ስበት ከባድ ነው፤ በትንሽ ንክኪ አይተኩስም። የሚያስጠላው የካዝና መልቀቂያው እጀታው ግርጌ መሆኑ ነው። ካዝና ለማውጣት ሁለተኛ እጅ ይፈልጋል።

ጥይቱ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የማካሮቭ ጥይት 9 በ18 ሚሊ ሜትር ነው፤ የግሎክ 9 በ19። ሻጩ «ዘጠኝ ሚሊ ነው፣ ያው ነው» ካለ አትስሙት። አንዱ ለሌላው አይሆንም።

ሌላው የሶቪየት ሽጉጥ ቶካሬቭ ቀጭን ነው፣ ጥይቱም ኃይለኛ ነው። ርዝመቱ ግን ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፤ ባዶውን 850 ግራም ገደማ ነው። ከዚህ ሁሉ የከፋው፣ እንደ ድሮው ከተሠራ ራሱን የቻለ መቆለፊያ የለውም። ያለችው መዶሻውን በግማሽ የምታቆም ጥርስ ብቻ ናት። ጥይት አጉርሶ መያዝ የማይታሰብ ነው። ከልብስ ሥር ለመያዝ እኔ አልመርጠውም። ስታር የሚባለው የስፔን ሽጉጥም በእጃቸው ያለ ሰዎች አሉ። ፋብሪካው በ1997 እ.ኤ.አ. ስለተዘጋ ዕቃ ሲሰበር ችግር ነው። ሞዴሉም ብዙ ስለሆነ «ለስታር የሚሆን ማህደር» ብሎ በጅምላ መግዛት አያዋጣም።

ግሎክ 19 ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። 15 ጥይት ይይዛል፤ ሞልቶ 850 ግራም ገደማ ይመዝናል። ታናሹ ግሎክ 26 ደግሞ 10 ጥይት ይዞ ወደ 740 ግራም ነው። ሁለቱም በአውራ ጣት የሚቆለፍ መቆለፊያ የላቸውም። መጠበቂያው ቃታው ላይ ነው፤ ቃታው ከተሳበ ሽጉጡ ይተኩሳል። ጣት ይሳበው፣ የጃኬት ገመድ ይሳበው፣ ለሽጉጡ ለውጥ የለውም። ስለዚህ ግሎክ ያለ ማህደር ወገብ ላይ መሸጎጥ በገዛ ታፋ ላይ መፍረድ ነው።

አሁን ወደ ልብሱ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ገደማ። በመካከላቸው ያለው 25 ኪሎ ሜትር የማይሞላ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው። ፒያሳ ጃኬት ላይ ጋቢ የደረበ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ በሸሚዝ ይቀራል። ጃኬት ሥር የተደበቀ ግሎክ 19 በሸሚዝ ሥር ይጋለጣል። የሚገርመው ደግሞ ልብሱን ገፍቶ የሚታየው አፈሙዙ አይደለም፤ እጀታው ነው። ከላይ እስከ እጀታው ግርጌ ሲለካ ማካሮቭም ግሎክ 19ም 12.7 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ናቸው። ግሎክ 26 ግን 10.6 ነው። ማካሮቭ ቀጭን ስለሆነ ብቻ ይደበቃል ብሎ የገዛ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል። ሸሚዝ ለባሽ የኮምቦልቻ ሰው ግሎክ 26 ይሻለዋል። ጃኬት የማያወልቅ የደሴ ሰው ግሎክ 19 ቢይዝ አይቸገርም። ማካሮቭ ያለው ደግሞ ሌላ መግዛት አያስፈልገውም፤ እጀታውን ወደ ገላው አስጠግቶ የሚይዝ ማህደር ይፈልግለት።

የማህደር አያያዙ ብዙ ነው፤ እዚህ አገር የሚያስኬደው ግን ጥቂቱ ነው። ብብት ሥር የሚንጠለጠለው ፊልም ላይ ያምራል። ሚኒባስ ውስጥ ስትቀመጡ ግን የአብዛኛው አፈሙዝ ወደ ኋላ ይዞራል፤ እዚያ ያለው የማታውቁት ተሳፋሪ ደረት ነው። በቁርጭምጭሚት የሚታሰረው ጠባብ ሱሪ ለሚለብስ አይሆንም። ባጃጅ ውስጥ ታጥፎ ለተቀመጠ ሰውም ለዓይን ይጋለጣል። ከሱሪ ፊት ለፊት፣ እምብርት ሥር የሚገባው ጥሩ ይደበቃል፤ ሲቀመጡ ግን አፈሙዙ የት እንደሚያይ ማሰብ ነው። እኔ አልደፍረውም።

የሚቀሩት ሁለት ናቸው፤ ከቀበቶ ውጭ የሚውለውና ሱሪ ውስጥ ገብቶ ቀበቶ ላይ የሚቆነጠጠው። በቀኝ ዳሌ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ገባ ብሎ ሲውል ሁለቱም ይመቻሉ። የውጩ ለደሴ ጃኬት ነው፣ የውስጡ ለኮምቦልቻ ሸሚዝ። በጣም ወደ ኋላ ካስኬዳችሁት ግን ሱቅ ውስጥ ጆንያ ለማንሳት ጎንበስ ስትሉ ሸሚዙ ይሰበሰብና እጀታው ለገበያው ሁሉ ይታያል።

ሱሪ ውስጥ የሚገባውን በቁንጣጭ የሚያዘውን የምመርጠው ለፍተሻ ሲባል ነው። ባንክ ወይም መሥሪያ ቤት በር ላይ ጥበቃው «ጋሼ፣ ብረት ይዘዋል?» ይላል። ቀበቶ የሚያልፍበት ማህደር ከሆነ ሰልፈኛው መካከል ሽጉጥ መምዘዝ ግድ ነው። ሰው ይደነግጣል፤ ጣትም ቃታ አካባቢ ይንከራተታል። ቁንጣጭ ያለው ግን ሽጉጡ ውስጡ እንዳለ ከነማህደሩ ይነሳል፤ ቃታው እንደተሸፈነ ነው። ስትወጡም እንደዚያው ይመለሳል። ጥይት አውጡ ከተባላችሁ ግን ጥበቃው ወደሚያሳያችሁ ገለልተኛ ቦታ ሄዳችሁ፣ አፈሙዙን ከሰው አርቃችሁ ነው። መስጂድም ቤተ ክርስቲያንም ስትሄዱ ቤት ቆልፋችሁበት ሂዱ።

ከምን ይሠራ? የጨርቁ ርካሽ ነው፤ ርካሽነቱም ያስታውቃል። ይላላል፣ ሽጉጡ ሲወጣ አፉ ይዘጋል፣ ቃታውንም በጨርቁ ላይ መጫን ይቻላል። ካይዴክስ የሚባለው በሙቀት ተለስልሶ በሽጉጡ ልክ የሚቀረጽ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ላብ አይጠጣም፣ አፉ አይታጠፍም፣ ሽጉጡ ሲገባ «ቀጭ» ብሎ ይያዛል። ግን ለአንድ ሞዴል ብቻ ነው የሚሆነው፤ ከውጭም ስለሚመጣ ውድ ነው።

ቆዳ የእኛው ነው፤ ኮምቦልቻ የቆዳ ፋብሪካ ያለባት ከተማ ናት። ቀበቶና ዝናር የሚሰፋ ባለሙያ ማህደርም ሊሰፋላችሁ ይችላል። ለጃኬትና ለጫማ ፊት የሚሆነውን ለስላሳ ቆዳ ግን አትቀበሉ። የሚፈለገው ቅርጹን የሚይዝ፣ ወፍራም የቀበቶ ቆዳ ነው። ለልክ ሽጉጡን ይዛችሁ ሱቅ ለሱቅ አትዙሩ፤ በልኩ የተጠረበ እንጨት ይበቃል። የቃታው ቀለበት ሙሉ በሙሉ መሸፈኑን፣ አፉ ላይ ድርብ ቆዳ መሰፋቱን እዩ። ይቺ ድርብ ቆዳ ቀላል ነገር አይደለችም። ያረጀ ማህደር አፉ ይላላና ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ሽጉጡ ሲመለስ የታጠፈው ቆዳ ቃታው ቀለበት ውስጥ ገብቶ ይጫነዋል። በዚህ የባረቀባቸው ሰዎች አሉ። ሁልጊዜ ሽጉጡን ስትመልሱ ቀስ በሉ፣ ጣታችሁን አርቁ፣ ሸሚዙንም ሰብስቡ።

ቆዳ እርጥበት ይይዛል። በደሴ ክረምት፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቤት ሲገባ፣ ቆዳ ውስጥ የሚያድር ብረት ይዝጋል። የኮምቦልቻም ላብ ጨው አለው። ስለዚህ ቀን ቆዳው ውስጥ ይዋል፤ ማታ ጥይቱ ወጥቶ፣ በዘይት ጨርቅ ተጠርጎ፣ ልጅ የማይከፍተው የብረት ሣጥን ውስጥ ይደር።

ለሁለቱም ከተማ አንድ ብቻ ግዙ ብትሉኝ፣ ሱሪ ውስጥ የሚገባ፣ ብረት ቁንጣጭ ያለው፣ አፉ የተደረበ የቆዳ ማህደር ነው። ካይዴክስ በሽጉጣችሁ ልክ ከተገኘና አቅም ከፈቀደ ደግሞ እሱን አስቀድማለሁ። ቀበቶውን አደራ፤ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ የማይተጣጠፍ ይሁን። በስስ የሱፍ ሱሪ ቀበቶ ላይ 850 ግራም ከተሰቀለ የትኛውም ማህደር ይዘማል።