ተተኪን መሰየም ወይስ ለሹራ መተው?

ከነቢዩ ሙሐመድ ኅልፈት በኋላ መዲና በ12 ዓመት ውስጥ ሥልጣንን ከከሊፋ ወደ ከሊፋ በሁለት መንገድ አስተላልፋለች፦ አንድም ከሊፋው ተተኪውን በመሰየም፣ አንድም በሹራ (በምክክር ጉባኤ)። የትኛው ይሻላል?

ፍጥነት፦ የመጀመሪያው ከሊፋ አቡበከር እ.ኤ.አ. በ634 በሞት አልጋቸው ላይ ሆነው ዑመርን ሰየሙ። ኑዛዜውን የጻፉት ዑስማን ናቸው። አቡበከር በመሐል ራሳቸውን ቢስቱ፣ ዑስማን የዑመርን ስም አስፍረው እንደጠበቁና ከሊፋው ሲነቁ እንዳጸደቁላቸው ይተረካል። በ644 በስለት የተወጉት ዑመር ግን ጉዳዩን ለ6 ሰዎች ሹራ ትተው ከመካከላቸው አንዱን እንዲመርጡ የ3 ቀን ጊዜ ሰጡ።

ተቀባይነት፦ ስየማው በአንድ ሰው ግምት ላይ ያርፋል፤ የዑመርን ኃይለኝነት የፈሩ ነበሩ። በሹራው ከስድስቱ አንዱ የነበሩት አብዱረህማን ቢን ዐውፍ ራሳቸውን ከዕጩነት አግልለው የመዲናን ሰው እየዞሩ ጠየቁ፤ በመጨረሻም ዑስማን ተመረጡ። ይህን የአብዱረህማንን ተግባር ከልቤ አደንቃለሁ። (እርሳቸው፣ ዑስማንና ሌላው የሹራው አባል ዙበይር ቀደም ሲል ወደ ሐበሻ የተሰደዱ ናቸው።)

ስጋት፦ ሹራ ሳይመረጡ የቀሩ ተፎካካሪዎችን ትቶ ያልፋል። ዑስማን በ656 ከተገደሉ በኋላ ከስድስቱ ሦስቱ፣ ማለትም ዓሊ በአንድ ወገን፣ ጠልሓና ዙበይር በሌላው፣ በኢራቋ ባስራ አጠገብ «የግመሉ ጦርነት» በሚባለው ውጊያ ተዋጉ። ስየማም ቢሆን የሚያዋጣው የተሰየመው ሰው ብቁ ሲሆን ብቻ ነው።

ለጊዜው የሚስማማው፦ በ634 ጦሩ ሶርያ ውስጥ ከባይዛንታይን ጋር ተፋጥጦ ነበር፤ ወሳኙ የያርሙክ ጦርነት ገና 2 ዓመት ይቀረው ነበር። እንዲህ ባለ ሰዓት ስየማን እመርጣለሁ። ኢራቅ፣ ሶርያና ግብፅ ከተያዙ በኋላ ግን ድርሻ ጠያቂው በዝቷልና ምክክሩ የግድ ነበር።