ያገለገለ ኦርጅናል ወይስ አዲስ ኮፒ? «ትሬዠር አይላንድን» በኮሚክ መግዛት ለምትፈልጉ

«አባዬ፣ ሀብቱ የት ጋ ነው የተቀበረው?» አለችኝ ልጄ፣ ካርታው ላይ ጣቷን እያዞረች። እኔም አጎንብሼ ፈለግሁ። የለም። «ትሬዠር አይላንድ» (የሀብት ደሴት) በሚባለው ታሪክ መሠረት ካርታው ላይ በቀይ ቀለም የተደረጉ ሦስት የመስቀል ምልክቶች አሉ፤ ሁለቱ በደሴቲቱ ሰሜን፣ አንዱ በደቡብ ምዕራብ። ያ ሁሉ ሰው መርከብ ተሳፍሮ የሚጫረሰው ለእነዚህ ምልክቶች ነው። እኔ የገዛሁት ግን ጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ነበር። ቀዩ ግራጫ ሆኖ ከተራራው ጥላ ጋር ተደባልቋል። በ350 ብር ሀብት የሌለባት የሀብት ደሴት ገዝቼ ገባሁ።

ይሄ አምና ደሴ ፒያሳ የሆነ ነው። ከዚያ ወዲህ ያንኑ ታሪክ ሁለት ጊዜ ደግሜ ገዝቻለሁ። ስለዚህ ሰፈር ውስጥ አዋቂ ተብያለሁ። «ለልጄ የትኛውን ልግዛ?» የሚል ስልክ ከኮምቦልቻ ሳይቀር ይደወልልኛል። አንዴ ጽፌው ልገላገል።

መልሱን አላንዛዛም። ያገለገለ ኦርጅናል፣ ማለትም አሳታሚው ራሱ ያሳተመውን፣ ግዙ። ሽፋኑ ቢላላጥም፣ የማታውቁት ልጅ ስሙን በእስክሪብቶ ቢጽፍበትም ግዙ።

አሁን ሒሳቡን ስሙኝ። ፎቶ ኮፒው 350 ብር። በሁለተኛው ሳምንት ገጾቹ መርገፍ ሲጀምሩ ለጠራዥ 100 ብር። ቀጥሎ የገዛሁት ባለቀለም ኮፒ ነው፤ አዟሪው 1,100 ብሎ ጀመረ፣ ሁለት ጊዜ ሄጄ ተመልሼ በ900 ተስማማን። እሱም ጀርባው ለቀቀና ሌላ 120 ብር። ድምሩ 1,470። ኦርጅናሉን ደግሞ አዲስ አበባ ያለ ወንድሜ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ በ750 አገኘልኝ። በአውቶቡስ ለመላክ 100 ተከፈለ። 850! ከባለቀለሙ ኮፒ 50 ብር ያንሳል፤ የጥርዙን ሳልቆጥር። አዲሱን ኦርጅናል እዚያው አዲስ አበባ መደብር ውስጥ ጠይቆልኝ 2,300 ብለውታል። እሱን እርሱት።

«ከኢንተርኔት አውርጄ ኮምፒውተር ቤት ባሳትመውስ?» የሚለኝ ጓደኛ አለኝ። እኔ የጠየቅሁበት ቤት አንድ ባለቀለም ገጽ 25 ብር ነው። ኮሚኩ 64 ገጽ ነው፤ ሲባዛ 1,600 ብር። ጥርዝ አልገባበትም። ለዚህ ነው አዟሪዎቹ በርካሽ ቀለምና በስስ ወረቀት የሚያሳትሙት፤ አለዚያ አያዋጣቸውም። ስልክ ላይ ማንበብ ነጻ ነው፣ እውነት ነው። ግን ሁለት ገጽ የሚሞላ ሥዕል በስልክ ምኑ ይታያል? ልጄም ከሦስት ደቂቃ በኋላ ጌም ውስጥ ናት።

ችግሩ፣ ሻጩ ሁሉንም «ኦርጅናል ነው ጋሼ» ይላችኋል። እኔ የተማርኩት ዘዴ ይኼ ነው፦ ሻጩ ከፈቀደ፣ ጣታችሁን ትንሽ አርጥባችሁ የአንዱን ገጽ ጥግ ንኩት። ቀለሙ ከደማ፣ ቤት ውስጥ በሚሠራበት ዓይነት ፕሪንተር የታተመ ነው። የደሴ ክረምት ይዞት ያልቃል። ከዚያ መጽሐፉን ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩት። ገጾቹ በትንንሽ ጥራዝ ታጥፈው በክር ከተሰፉ ውሰዱት። ነጠላ ወረቀት ተደርድሮ ኮላ ብቻ የተቀባ ከሆነ የዕድሜው ነገር አያስተማምንም። በስቴፕል የተያዘም አለ፤ እርጥበትና ጉም ባለበት ከተማ ሽቦው ይዝግና መካከለኛውን ገጽ ቡናማ ያደርገዋል። ኮምቦልቻ ደግሞ ችግሩ ሙቀት ነው። አንድ ጓደኛዬ መጽሐፉን መኪናው ውስጥ መስታወቱ ሥር ትቶት ዋለ። ማታ ሲያነሳው ሽፋኑ እጁ ላይ ቀረ፣ ገጾቹ ወንበሩ ላይ።

ስለ ማስጠረዝ የማልረሳው ነገር አለ። ጠራዥ የረገፉትን ገጾች ለማስተካከል ጠርዛቸውን በማሽን ይቆርጣል። ለመማሪያ መጽሐፍ ችግር የለውም፤ ዳርና ዳሩ ባዶ ነው። ኮሚክ ግን ሥዕሉ እስከ ወረቀቱ ጫፍ ይሄዳል። የእኔው ተቆርጦ ሲመጣ ግማሽ ሰዎች ጭንቅላት የላቸውም። ገጸ ባሕርያቱ የሚናገሩበት ክብም አብሮ ተቆርጧል፤ አረፍተ ነገሩ መሐል ላይ ይቀራል። ጠራዡን አልወቅስም፤ እኔ ነኝ ያልነገርኩት። ካስጠረዛችሁ «አትቁረጠው፣ በክር ብቻ ስፋው» በሉ። ይቆያል፣ ትንሽም ይወደዳል።

በታሪኩ ውስጥ ወንበዴዎቹ ለሚፈርዱበት ሰው የሚሰጡት «ጥቁር ነጥብ» የሚባል ክብ ወረቀት አለ። የእኔ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ መስታወት ላይ አቧራ ስለነበር በየገጹ ጥቁር ነጥብ አለው። ልጄ ሁሉም ሰው የተፈረደበት መስሏት ነበር።

እሺ፣ ኦርጅናል ሆኖስ? ሁሉም አንድ አይደለም። ደራሲው ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን የሞተው በ1894 ነው (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር)። ድርሰቱ የባለቤትነት መብት ስለማይጠየቅበት ማንም ተነስቶ በሥዕል ሊሠራው ይችላል፣ ሠርተውታልም። ስለዚህ ሽፋኑ ላይ ያለው የስቲቨንሰን ስም ብቻ ምንም አይነግራችሁም። ማን አሳጠረው? ማን ሳለው? ስማቸው ካልተጻፈ እኔ እጄን እሰበስባለሁ።

ሥዕሉን ለመመርመር የባሕር ወንበዴውን የሎንግ ጆን ሲልቨርን እግር እዩ። በድርሰቱ ግራ እግሩ ከዳሌው ሥር የተቆረጠ ነው፤ የሚሄደውም በምርኩዝ ነው። የእንጨት እግር ካደረጉለት ሠዓሊው መጽሐፉን በደንብ ሳያነብ ነው የሳለው። ባለቀለሙ ኮፒዬ ላይ የተቆረጠው እግር ገጽ 20 አካባቢ ግራ ነው፣ ወደ መጨረሻው ቀኝ። ማንም አላየውም ብለው ይሆናል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን ታያለች።

ዋናው ፈተና የፖም በርሜሉ ነው። የታሪኩ ዋና ገጸ ባሕርይ የሆነው ልጅ፣ ጂም፣ ፖም ሊያወጣ መርከቡ ላይ ያለ በርሜል ውስጥ ይገባል፤ እዚያው ሳለ ሲልቨር ከውጭ ተደግፎ ወንበዴዎቹ መርከቡ ላይ ስላሰቡት አመፅ ሲያወራ ይሰማል። እኔ የገዛሁት ኦርጅናል ይህንን አንድ ሙሉ ገጽ ሰጥቶታል። ሳጥኖቹ ጨለማ ናቸው። የልጁ ዓይን፣ በእንጨቱ ስንጥቅ የሚገባ ብርሃን፣ ከውጭ የአንድ ሰው ጀርባ። ቃል በጣም ትንሽ ነው። ልጄ እንግሊዝኛዋ ገና ነው፤ ግን እዚያ ገጽ ላይ ትንፋሿን ያዘች። በኮፒው ውስጥ ያለው ሌላ ሠዓሊ የሠራው ነው፤ ያው ትዕይንት በአንዲት ትንሽ ሥዕልና ከላይዋ በስድስት መስመር ጽሑፍ አልፏል። ጽሑፉም የዚያን ዘመን ከባድ እንግሊዝኛ ነው። እኔ ቁጭ ብዬ እየተረጎምኩ ማንበብ ነበረብኝ፤ እንግዲያውስ ኮሚክ ለምን ገዛሁ?

ድርሰቱ 34 ምዕራፍ ነው። በ64 ገጽ ሲጨመቅ የሚቀር ነገር መኖሩ አይቀርም። እኔ የሚቀር ካለ ጽሑፉ ይቅር እላለሁ። ካርታው ግን አይቀርም። ታሪኩ ራሱ የተወለደው ከሥዕል ነውና። ስቲቨንሰን በ1881 ስኮትላንድ ውስጥ ዝናብ ቤት አስቀምጦት ሳለ፣ ከእንጀራ ልጁ ጋር ቀለም ሲነካካ የደሴቲቱን ካርታ ሳለ፤ ታሪኩ ከዚያ መጣ። ነሐሴ ላይ የደሴው ጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ልጆች ቤት ውስጥ ሲያብዱ ያየ ሰው ይሄ ይገባዋል። በ1883 በመጽሐፍ ሊታተም ሲል ያ ካርታ ለአሳታሚ ተልኮ ጠፋ፤ እንደገና መሣል ነበረበት። የካርታው መከራ በእኔ አልተጀመረም ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ማንጋ በሚባለው የጃፓኖች የኮሚክ ስልት የተሠሩ የድሮ ድርሰቶችም አሉ። አንዳንዶቹ የሚነበቡት ከቀኝ ወደ ግራ ነው። አንድ ወዳጄ ሌላ ድርሰት በዚህ ስልት ገዝቶ «ተገልብጦ ነው የተጠረዘው» ብሎ ሻጩ ጋ ሊጣላ ሄደ። የጎረቤታችን ልጅ ቁርአን ይቀራልና አንስቶ ከኋላ ጀምሮ ዘና ብሎ አነበበው።

ዕቃው ደሴ ውስጥ ሁልጊዜ አይገኝም። አዲስ አበባ የሚመላለስ ዘመድ ካላችሁ ለእሱ ስጡት፤ ግን ከመክፈሉ በፊት የጀርባውን፣ የካርታውንና የእግሩን ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። ከ800 በላይ ከጠሩ ይከራከር። ኪሳችሁ እሱንም ካልቻለ ኮፒ ከመግዛት ቆዩ፤ ሁለት ኮፒ የአንድ ኦርጅናል ዋጋ ይበላል።

ፎቶ ኮፒው አሁንም ቤት አለ። ልጄ ቀይ እስክሪብቶ ይዛ ሦስቱን ምልክቶች ራሷ አስገብታበታለች። አንዱ ባሕር ውስጥ ነው።