የግድግዳው ፊደል ገበታ፦ ከመግዛትዎ በፊት
ደሴ ፒያሳ ለሚገዛ ወላጅም ሆነ መምህር፣ ላሚኔት የተደረገው ገበታ ከወረቀቱ ይሻላል፤ በክረምት እርጥበት አይጠቀለልም፣ በጨርቅም ይጠረጋል። ሕትመቱን ሳያዩ ግን አይክፈሉ። ኃምሱን፣ ማለትም አምስተኛውን ዓምድ፣ ጠጋ ብለው ይመልከቱ፤ የ«ቤ» ቀለበት በቀለም ከተደፈነ «ቢ» ይመስላል። እንዲህ ሲሆን የሚሳሳተው ልጁ ሳይሆን ማተሚያ ቤቱ ነው።

ዋናው ችግር 33 ረድፍ በ7 ዓምድ፣ ማለትም 231 ፊደል፣ በአንድ ሉህ መታጨቁ ነው። ልጁ «ሀ ሁ ሂ»ን እንደ ዜማ ያንበለብለዋል፤ «ሞ» የቱ ነው ሲባል ግን ከ«መ» ተነስቶ ይቆጥራል። መሐሉ በአንድ ፊደል ልክ የተቀደደ ካርቶን ገበታው ላይ ያኑሩና ፊደሎቹን እያዘበራረቁ ያስነብቡ። በሳምንት ሁለት ሦስት ረድፍ ይበቃል፤ ወዲያው «ላም»፣ «ማማ» እያሉ ቃል ይመሥርቱበት።

ሳድስን፣ ማለትም ስድስተኛውን ዓምድ፣ ገበታው አያስረዳም፦ «ም» በ«ላም» መጨረሻ አናባቢ የለውም፣ በ«ምሳ» መጀመሪያ አለው። ይህ በመምህሩ አፍ የሚሰማ እንጂ የሚታይ አይደለም። ተማሪ ለበዛበት ክፍል ደግሞ ገበታው አይመከርም፤ ከኋላ ወንበር አይነበብም፣ ሰሌዳው ይሻላል።