ኦስቦርን ሃውስ፦ ዓለማየሁን እያሰብኩ የጎበኘሁት ቤት

ከሳውዝሃምፕተን በመርከብ አንድ ሰዓት ያህል ተጉዘን ኢስት ካውስ ወረድን። ልጄን ይዤ ደቡብ እንግሊዝ ወዳለችው ዋይት ደሴት የሄድኩት ለአበባው ብቻ አይደለም። አባቱ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ ወደ እንግሊዝ የተወሰደው ልዑል ዓለማየሁ፣ እ.ኤ.አ. በ1868 ንግሥት ቪክቶሪያ ፊት የቀረበው እዚህ፣ የንግሥቲቱ የዕረፍት ቤት በነበረው ኦስቦርን ሃውስ ነው። ያኔ ሰባት ዓመቱ ነበር። ልጄም ዘንድሮ ሰባት ሞላት።

ቤቱ በጣሊያን አሠራር የታነጸ፣ ሁለት ማማ ያለው ነው። ክፍሎቹ በዕቃ የታጨቁ ስለሆኑ ቶሎ ቶሎ አለፍኳቸው፤ ዱርባር የሚባለው አዳራሽ ግን አስቆመኝ። ፑንጃባዊው ባሂ ራም ሲንግ የነደፈው ነጭ የጌጥ ሥራ ከግድግዳ እስከ ጣሪያ ይወጣል፤ አንገቴ እስኪያመኝ አየሁት።

ከሁሉም የወደድኩት ስዊስ ኮቴጅ ከሚባለው የንግሥቲቱ ልጆች የእንጨት ቤት አጠገብ ያለውን የልጆች አትክልት ቦታ ነው። ዘጠኙ የንግሥቲቱ ልጆች የየራሳቸው መደብ ነበራቸው፤ ያበቀሉትን አባታቸው አልበርት በገበያ ዋጋ ይገዛቸው ነበር። ትንንሾቹ የእጅ ጋሪዎች ዛሬም አሉ፤ በየአንዳንዱ ላይ የባለቤቱ ስም መነሻ ፊደላት ተጽፈዋል። ልጄ ጋሪዎቹን አንድ በአንድ አይታ፣ «የዓለማየሁስ የቱ ነው?» አለችኝ። እጇን ይዤ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወረድን።

ልጅ ያላችሁ ሐበሾች፣ ሂዱ። ግቢው ሰፊ ስለሆነ ምቹ ጫማ አድርጉ፤ ታሪኩንም መርከቡ ላይ ሳላችሁ ንገሯቸው።