ዓርብ ማታ ስለ ነፍስ፣ ጣና ዳር

ዓርብ ዓርብ ማታ ባሕር ዳር፣ ሐይቁን ተጠግታ ባለች አንዲት ካፌ የፍልስፍና ጨዋታ አለ። መግቢያ በነጻ ነው፤ ሻይም ቢሆን ማዘዝ ግን ግድ ነው። ሰሞኑን የያዙት ነፍስና ሥጋን ነው፣ የጥንት ግሪኮች እንዳሰቡት። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ፕላቶንን በስም ብቻ ነበር የማውቀው፤ አንድ ደንበኛዬ ነው ጎትቶ የወሰደኝ።

መምህሩ ጎበዝ ነው። ወረቀት አያነብም፤ ክራር ይዞ ነው የመጣው። የፕላቶን አስተማሪ የነበረውን የሶቅራጥስን የመጨረሻ ቀን ተረከልን፣ ፕላቶን «ፌዶን» በሚባለው መጽሐፉ ላይ እንደጻፈው። ጊዜው ከክርስቶስ ልደት በፊት 399 ነው። ሞት ተፈርዶበት ፀሐይ ስትጠልቅ መርዝ ይጠጣል፤ ወዳጆቹ እስር ቤት ከበውት ነፍስ ትሞታለች አትሞትም ይከራከራሉ። ሲሚያስ የሚባለው «ነፍስ እንደ መሣሪያ ቅኝት ብትሆንስ?» አለ። እዚህ ላይ መምህሩ ክራሩን በትዝታ ቃኝቶ መታው። ቀጥሎ አንዱን ክር አላላው። ያ ሁሉ ለዛ ጠፋ። «ቅኝቱ የት ሄደ?» ሲለን የመለሰ የለም። ክራር ሲሰበር ቅኝት ብቻውን አይቀርማ! ሥጋ ሲፈርስስ?

ሶቅራጥስ እንዲህ መለሰ፦ ቅኝት ክሩን ይከተላል እንጂ ክሩን አያዝም። ነፍስ ግን ሥጋን ታዛለች፤ ጠምቶት አትጠጣ፣ ርቦት አትብላ ትለዋለች። ይሄ እየተባለ ጎናችን ያለው ጠረጴዛ ላይ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ ቀረበ። እኛ ጾመኞች ነን። ሽታው ደግሞ! አንዲት እናት «የኔዋ እየታገለች ነው» ሲሉ በሳቅ ፍርስ አልን።

ሌላው ወዳጁ ኬቤስ ያነሳው የሸማኔ ነገር ደግሞ በሙያዬ መጣብኝ። ሸማኔ በዕድሜው ብዙ ጋቢ ሠርቶ ለብሶ ይጨርሳል፤ የመጨረሻው ጋቢ ግን ከእሱ በኋላ ይቀራል። ነፍስም ብዙ ሥጋ ለብሳ አንድ ቀን ትደክም ይሆናል ነው ነገሩ። የሟች አባት ሱሪ ለልጅ አሳጥሬ አውቃለሁና ኬቤስን አልፈርድበትም። ሶቅራጥስ ራሱ ከመመለሱ በፊት ብዙ ዝም ብሎ አሰበ። መልሱ ረጅም ነው፤ እኔን እስከ መጨረሻው አላሳመነኝም።

ቅሬታዬ የፕላቶን ተማሪ የነበረው አርስቶትል በቂ ጊዜ አለማግኘቱ ነው። ዓይን እንስሳ ቢሆን ኖሮ ነፍሱ ማየት ትሆን ነበር ያለ ሰው፣ ነፍስና ሥጋን እንዲህ አስተሳስሮ ያየ ሰው፣ ጨዋታው ሊበተን ሲል በሩጫ አይታለፍም። ስለ እሱ የተባለችውንም ጥቂት ነገር የጀልባ ሞተር ድምፅ ዋጣት። ማይክ ቢገዙ ምን አለበት?

ቡናው ጥሩ ነው። አስተናጋጆቹ ክርክሩ ሲጦፍ ቆመው ስለሚያዳምጡ ያዘዛችሁት ይዘገያል፤ እኔ አልተቀየምኳቸውም። ቢንቢ አለ፣ እጅጌ ያለው ልበሱ። በሚቀጥለው ዓርብ ተራው የኤፒኩሮስ ነው፤ ነፍስም ከአቶም የተሠራች ናት፣ ስንሞት ትበተናለች የሚለው ሰውዬ። እነዚያ እናት ዝም የሚሉት አይመስለኝም። ቀደም ብላችሁ ሂዱ፣ የፊት ወንበሮች ቶሎ ይያዛሉ።