የቲራና የኮሚኒስት ዘመን ቱር፣ ከጾመኛ አክስቴ ጋር (4 ኮከብ ከ 5)

የአልባኒያ ዋና ከተማ ቲራና ለሦስት ቀን ሄደን ነበር፣ እኔና ልትጠይቀኝ ከአዲስ አበባ የመጣችው አክስቴ። ከሚላኖ በረራው ሁለት ሰዓት አይሞላም፣ ትኬቱም በጊዜ ከተገዛ ከጥሩ ጫማ ዋጋ ያንሳል፣ ደግሞ የሼንገን መልቲፕል ቪዛ ያለው ሰው አንዴ ከተጠቀመበት በኋላ አልባኒያ መግባት ይችላል (ከመሄዳችሁ በፊት ቼክ አድርጉ፣ ሕግ ይቀያየራል)። አክስቴ ዐቢይ ጾም ላይ ነበረች። ይቺን ያዙልኝ፣ በኋላ ትመጣለች።

ሪቪው የማደርገው የእግር ጉዞ ቱሩን ነው፣ በኮሚኒስት ዘመን ላይ ብቻ የሚያተኩር፣ ሦስት ሰዓት ገደማ የሚፈጅ። የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ ቅሬታም ስላለኝ፣ ተመሳሳይ ቱር የሚሠሩ ደግሞ ብዙ ናቸው። ቅሬታውን ላስቀድመው። "ነፃ" ብለው ነው የሚጠሩህ፣ መጨረሻ ላይ ግን አስጎብኚው ልጅ ኮፍያውን ዘርግቶ "ሰው አብዛኛውን ጊዜ 10 ዩሮ ይሰጣል" ሲል ነፃነቱ እዛው ያልቃል። ሠላሳ ሰው አካባቢ ነበርን፣ ማይክ የለም ስፒከር የለም፣ ከኋላ የቆመ ሰው የሚሰማው የመኪና ጡሩንባ ነው። እኔ ደግሞ ለአክስቴ በሹክሹክታ እየተረጎምኩ ስለነበር ግማሹ አምልጦኛል፣ አንዲት ሴትዮም ሁለት ጊዜ ዞራ ገላምጣኛለች።

ይሄን ካለፍን፣ ቱሩ አሪፍ ነው። ከስካንደርቤግ አደባባይ ይነሳና ስለ አልባኒያው ኮሚኒስት መሪ ስለ ኤንቨር ሆጃ ነው ወሬው በሙሉ። ሰውዬው ከ1944 እስከ ሞተበት 1985 ድረስ ነው የገዛው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። የሙስሊም ቤተሰብ ልጅ ነው፣ ሆጃ የሚለው የአባቱ ስም ራሱ የእስልምና አስተማሪ ማለት ነው፣ እና እንግዲህ ይሄ በስሙ ሼህ የሆነ ሰው ነው በ1967 መስጊዱንም ቤተክርስቲያኑንም ጥርቅም አድርጎ የዘጋው። 2,169 የእምነት ቤት። በዓለም የመጀመሪያዋ እግዚአብሔር የለሽ አገር ነን ብለው አወጁ፣ በ1976 ሕገ መንግሥት ላይ ደግሞ መንግሥት ምንም ሃይማኖት አያውቅም፣ የሚደግፈው የኤቲዝም ፕሮፓጋንዳን ነው ብለው ጻፉት። በሰሜን ሽኮደር የሚባል ከተማ ያለው የካቶሊክ ካቴድራል የስፖርት አዳራሽ ሆነ። ሽቲፈን ኩርቲ የሚባሉ ቄስ በ70ዎቹ መጀመሪያ ሕፃን በድብቅ አጠመቅክ ተብለው ተረሸኑ። አክስቴ እዚህ ጋ ስደርስ "ሕፃን ስላጠመቁ ብቻ?" ብላ ሦስቴ አስደገመችኝ፣ አስጎብኚውን ሳይሆን እኔን ነው የምታፋጥጠው፣ የፈረድኩባቸው እኔ ይመስል።

ከአደባባዩ ዳር ኤትሄም ቤይ መስጊድ አለ፣ ከ200 ዓመት በላይ በፊት የተጀመረ ነው። እንደ ቅርስ ተመዝግቦ ስለነበር ሳይፈርስ ተርፏል። ጫማ አውልቆ መግባት ይቻላል፣ ሴቶች ፀጉር መሸፈን አለባቸው፣ የአክስቴ ነጠላ ሥራ አገኘ። ግድግዳው ላይ ዛፍ፣ ድልድይ፣ ፏፏቴ ተስሏል፣ መስጊድ ውስጥ እንደዚህ ዓይነት ሥዕል አይቼ አላውቅም። ጃንዋሪ 18 ቀን 1991 ባለሥልጣናቱ ሳይፈቅዱ ወደ አሥር ሺህ ሰው ተሰብስቦ የገባበት መስጊድ ነው፣ ከዛ በኋላ ወደኋላ መመለስ አልተቻለም። እና ለዚህ ቦታ የሰጡን ጊዜ ስንት ነው? አሥር ደቂቃ! በኋላ ካፌ ላይ ግማሽ ሰዓት ሊያስቀምጡን። ኧረ ተዉ።

ቀጥሎ ባንክአርት 2 በር ላይ ቆመን ነበር፣ የድሮው አገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ለኒውክሌር ጦርነት የቆፈረው ባንከር ነው፣ አሁን ስለ ሲጉሪሚ ማለትም ስለ ሚስጥር ፖሊሱ የሚያሳይ ሙዚየም ሆኗል። ቱሩ ውስጥ አያስገባም፣ ትኬት ራሳችሁ ቆርጣችሁ ነው፣ በማግስቱ ተመልሰን ገብተናል፣ ሁለት ሰዓት መድቡለት።

አሁን ወደ ጾሙ። ካፌ ላይ ስንቀመጥ አስጎብኚው ለሁላችን ቢሬክ አዘዘ፣ እንደ ሳምቡሳ በስስ ሊጥ የሚሠራ ነገር ነው፣ ውስጡ አይብ። አክስቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አመስግና ገፋችው። ልጁ አልወደደችውም ብሎ በሥጋ ያለው ይምጣ ሲል "ጾም ነች፣ ወተትም ሥጋም አትበላም" አልኩት። ሳቀና ከዛ ዝም አለ። ከዛ ምን አለ፣ በአያቴ ጊዜ ሰው የሚያዝበት እንዲህ ነበር አለ። በረመዳንና በክርስቲያኖቹ ጾም ጊዜ ትምህርት ቤትና መሥሪያ ቤት ውስጥ ወተት፣ ሥጋ፣ ምናምን ያድላሉ፣ አልበላም ያለ ይመዘገባል። አያቱ ኦርቶዶክስ ነበረች፣ ለፋሲካ እንቁላል በሽንኩርት ልጣጭ ቀይ ቀለም ትነክርና ልጆቹ ከበሉ በኋላ ቅርፊቱን ሰብስባ ምድጃ ውስጥ ታቃጥላለች፣ ቆሻሻ ውስጥ ከተገኘ ጉድ ነው። ልጆቹንም ደጅ ሳይወጡ አፋቸውን ታጥባለች።

ይሄን ስተረጉምላት አክስቴ እንባ ይመጣባታል ብዬ ስጠብቅ፣ እሷ እቴ፣ ወሬ ጀመረች። በደርግ ጊዜ እሁድ ጠዋት ቅዳሴ ሰዓት ላይ የቀበሌ ስብሰባ ይጠሩ እንደነበር፣ እናቷ ማለትም አያቴ ኪዳን አድርሳ ነጠላዋን ቦርሳ ውስጥ አጣጥፋ ስብሰባ ትገባ እንደነበር፣ ሊቀመንበሩ ራሱ ማታ ማታ ቤቱ ጠበል ጸዲቅ እንደሚያስደርግ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ እንደነበር። ልጁ ማስታወሻ አውጥቶ ሊጽፍ ምንም አልቀረው። ሠላሳ ሰው ቢሬክ እየበላ አክስቴን ሲያዳምጥ ቱሩ የእሷ ሆነ በቃ።

አንድ ያልተስማማሁበት ነገር፣ ልጁ "ኮሚኒስት መሪዎች ሁሉ ያው ናቸው" ይላል። አይደሉም። ደርግ አቡነ ቴዎፍሎስን አውርዶ አስሮ ገድሏል፣ የመካነ ኢየሱሱን ጉዲና ቱምሳንም ገድሏል፣ ግን ቤተክርስቲያን ሙሉ በሙሉ አልዘጋም፣ እንዲያውም የሙስሊም በዓላት በአገር ደረጃ እንዲከበሩ ያደረገው እሱ ነው። መንግሥቱም ሆጃም ሌኒን ሌኒን ይሉ ነበር፣ የደረሱበት ግን ለየቅል። ከእኛ ጋር የነበሩ ግሪክ ባልና ሚስት ደግሞ ጣልቃ ገቡና የእኛው ሲፕራስ በ2015 ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆን ያለ ጳጳስ ያለ ወንጌል ቃለ መሐላ ፈጸመ፣ አገሩ ግን ፋሲካን እንደ ድሮው ነው ያከበረው አሉ። አስጎብኚው ደግሞ የአሁኑ የእነሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኤዲ ራማም ራሱን አግኖስቲክ ነኝ እንደሚል፣ ይኸው ሰው ግን በ2024 ለበክታሺ ሱፊዎች ቲራና ውስጥ እንደ ቫቲካን ያለች ሚጢጢ አገር እሰጣለሁ ብሎ ዓለምን ጉድ እንዳሰኘ ነገረን። ሆጃ ይሄን ቢሰማ!

ፒራሚዱ ጋ ስንደርስ (በ1988 ለሆጃ ሙዚየም ተብሎ የተሠራ፣ አሁን ልጆች ኮዲንግ የሚማሩበት፣ በደረጃው እስከ ጫፍ መውጣት ይቻላል፣ ጉልበት ላለው) ለአክስቴ ሌላ ነገር ነገርኳት። ማሌሊት (ሕወሓት ውስጥ የነበረው የትግራይ ማርክሲስት ሌኒኒስት ሊግ) በ1985 ሲመሠረት እንደ ሞዴል የሚያየው ይሄንን አገር ነበር፣ መለስም በ80ዎቹ መጨረሻ ለእውነተኛ ሶሻሊዝም የምትቀርበው አልባኒያ ናት ብሎ ለውጭ ጋዜጠኛ ተናግሮ ነበር አልኳት። ሽቅብ ፒራሚዱን አየችው፣ አየችውና "ታዲያ ቀብሩ ሥላሴ አይደል እንዴ የሆነው?" አለች። ልክ ናት፣ መለስ የተቀበረው በ2012 ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። የሆጃን መቃብር ግን ከሰማዕታት መካነ መቃብር በ1992 አውጥተው ተራ መቃብር ውስጥ ነው ያስገቡት።

ቱሩ የሚያልቀው ብሎኩ ሰፈር ነው፣ ድሮ ባለሥልጣን ብቻ የሚኖርበት፣ ተራ ሰው ድርሽ የማይልበት፣ አሁን ባርና ካፌ በባርና ካፌ ላይ። የሆጃ ቪላ እዛው አለ፣ አርቲስቶች ናቸው የሚኖሩበት። ልጁ እዚህ ጋ ስለ ስም አወጣ ያወራው በጣም ደስ ይላል፣ የቅዱሳን ስም ሲከለከል ሰው ልጁን ማሬንግሌን ማለት ጀመረ፣ ማርክስ ኤንግልስ ሌኒን ተጨፍልቆ ማለት ነው። እኛ ሰፈር ሁለት አብዮት እና አንድ ሌኒን ነበሩ፣ ሌኒን አሁን ዲያቆን ነው፣ ለአክስቴ ሳስታውሳት መንገድ ላይ ቆማ ሳቀች።

አንድ ኮከብ የቀነስኩት ለመስጊዱ አሥር ደቂቃና ለማይኩ ነው። ከሄዳችሁ የጠዋቱን ያዙ፣ ከሰዓት በኋላ ያለው ይጨናነቃል፣ ፊት ቁሙ፣ የሚመች ጫማ አድርጉ፣ 10 ዩሮዋን በኪሳችሁ አዘጋጁ። ለጾመኛ፦ ልጁ ሲለየን ጎን ያለ ዳቦ ቤት ይዞን ገብቶ የዱባ ቢሬክ አሳየን፣ አይብ የለውም፣ ሊጡም በዘይት ነው ብሎ ሻጯን ሁለት ጊዜ ጠይቆልናል። አክስቴ አራት አስጠቀለለች።