ቱርቦ በተጨመረበት ላንድክሩዘር ላይ የምትገጠመው የዘይት ጣሳ

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ፣ ማለትም አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው 1ኤችዜድ የተባለው የላንድክሩዘር ናፍጣ ሞተር ዳገት ላይ ቢለግም አይፈረድበትም። ቱርቦ ሲጨመርለት ጉልበት ያገኛል፣ ጣጣም አብሮ ይመጣል፦ የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ክዳን ዙሪያ ይረጥባል፣ የሞተሩን የውስጥ ጋዝ የሚያስወጣው መተንፈሻ ዘይት ይተፋል፣ የዘይት መለኪያው ዲፕስቲክ ከቦታው ይነሳል። ያኔ «መፍትሔው ይህ ነው» ተብላ የምትሸጠው ከመተንፈሻው የሚወጣውን የዘይት ጉም እንድትይዝ የምትገጠም ብራንድ የለሽ የአልሙኒየም ጣሳ ናት።

ብየዳዋ ጥሩ ነው፤ ስታዩዋትም ታምራለች። ውስጧ ግን ባዶ ነው። የዘይቱ ጉም በአንድ አፍ ገብቶ የሚጋጨው ነገር ሳያገኝ በሌላው ይወጣል። የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ የሚጠቀጥቁባት አሉ፤ ሽቦው የሚዝግ ከሆነና መውጫው ወንፊት ከሌለው ስብርባሪውን ቱርቦው ይስበዋል።

ዋናው ጉድለቷ አፏ ነው። 19 ሚሊሜትር የነበረ መተንፈሻ 10 ሚሊሜትር አፍ ላይ ሲታሰር ከመተላለፊያው የሚቀረው ከሩብ ትንሽ የሚበልጥ ብቻ ነው። ቱርቦ ሲጫን ደግሞ በፒስተን ፋሻ አልፎ ከሞተሩ ስር ወዳለው የዘይት መያዣ፣ ወደ ኮፓ፣ የሚወርደው ጋዝ ይበዛል። መውጫ ያጣ ጋዝ ዘይት እንዳያፈስ የሚያግዱትን ጓርኒሲዮንና ኦልሲል ይገፋል። ዘይት እንዲንጠባጠብ ያደረገችው ራሷ ጣሳዋ ልትሆን ትችላለች።

ስለዚህ መጀመሪያ ኮፓው ውስጥ ያለውን ግፊት ለኩ። 4 ሜትር ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ በቂ ነው። አንዱን ጫፍ ዲፕስቲክ ቀዳዳ ላይ አየር እንዳያሾልክ አድርጋችሁ እሰሩ፤ ሌላውን በመስኮት አስገብታችሁ በዩ ቅርጽ ስቀሉት፣ ጫፉም ክፍት ይሁን። ዩው ውስጥ ውሃ ጨምሩ፤ ውሃው ወደ ሞተሩ እንዳይሳብ ግን ከዩው ግማሽ አታሳልፉ። በሁለቱ ወገን ውሃ መካከል ያለው የ10 ሴንቲሜትር የከፍታ ልዩነት 1 ኪሎፓስካል ገደማ ግፊት ነው። በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ብቻ መለካት ያታልላል፤ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ስትወጡ፣ ሞተሩ ተጭኖ ሳለ፣ ውሃውን ሌላ ሰው ይይላችሁ። ከዚያ የመተንፈሻውን ጎማ ከጣሳዋ ነቅላችሁ ወደ ክፍት ጠርሙስ አዙሩና ያንኑ ዳገት ድገሙት። የውሃው ልዩነት ካነሰ ጥፋቱ የጣሳዋ ወይም ከእሷ የሚወጣው ጎማ ነው። ካላነሰ በካንዴላው ቀዳዳ የታመቀ አየር ለየሲሊንደሩ ስጡ፤ በዘይት መሙያው ጎልቶ የሚሰማ ትንፋሽ ፋሻው ማለቁን ይናገራል። ፋሻው ደህና ከሆነ ቱርቦው ራሱ በዘይት መመለሻው በኩል ጋዝ እያሳለፈ ሊሆን ይችላል።

ከቱርቦው ዘይቱን ወደ ኮፓው የሚመልሰው ቱቦ ያለ እጥፋት ቁልቁል ይውረድ፣ ከኮፓው ዘይት በላይም ይግባ። ኮፓው ውስጥ ግፊት ካለ ዘይቱ መውረድ አቅቶት በቱርቦው ያመልጣል፤ ሰማያዊ ጭስ ይወጣና ደህና ቱርቦ ይወቀሳል።

ፍሪሲዮን ቤት ስር የሚንጠባጠበውም ሁልጊዜ የኋላ ኦልሲል አይደለም፤ ከቴስታታ ክዳን በጀርባ የሚወርድ ዘይት እዚያው ይደርሳል። ሞተሩን አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ፓውደር ነስንሱበት፤ ከሁሉም ከፍ ብሎ የረጠበውን ቦታ ፈልጉ። ካምቢዮ ለማውረድ ከዚያ በፊት እሺ አትበሉ።

ጣሳ መግዛታችሁ ካልቀረ አፏ ከመተንፈሻው የማይጠብ፣ ውስጧ ግድግዳ ያላት፣ ከታች ማፍሰሻ ያላትን ምረጡ። በደሴ ብርድ ውስጧ እንደ ወተት የነጣ ነገር ብታገኙ አትደንግጡ፤ ራዲያተሩ ውሃ ካልጎደለ የተጠራቀመ እንፋሎት ነው፣ አፍስሱት።